ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ

ሐምሌ ላይ፣ ዶፉ ረገብ ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ ኮልፌ ውስጥ ከአስፋልት ወደ ቅያስ የሚታጠፍ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው በጭቃ ነው። ቅያሱ ራሱ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ ድንጋዩ በዝናብ ታጥቦ ያብለጨልጫል፤ ዳርና ዳሩን ቦይ ተሠርቶለት ውኃው እየተንደረደረ ይወርዳል። ሠፈሩ ሲያልቅ ግን ቦዩም ያልቃል። ከመጨረሻው ድንጋይ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ያለችው ጥቂት ሜትር ቦታ ውኃውን ሁሉ ተቀብላ ትንሽ ኩሬ ትሆናለች። አላፊ አግዳሚው ቀሚሱን ሰብሰብ፣ ሱሪውን ጠቅለል አድርጎ በተጣሉለት ሦስት አራት ድንጋዮች ላይ እየዘለለ ይሻገራል። ሊስትሮው የዕለት እንጀራው ያለው እዚያች ጭቃ ላይ ነውና ሣጥኑን ከአስፋልቱ ዳር አመቻችቶ ይጠብቃል።

ቅያሱን የሠሩት ነዋሪውና ወረዳው ናቸው። አስፋልቱን የሠራው በአዲስ አበባ የቢሮ ቋንቋ «ማዕከል» የሚባለው የከተማው አስተዳደር ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ጨርሰዋል። ጭቃዋ በሁለቱ መሃል ቀረች።

እንዲህ ያሉ ቦታዎች በአዲስ አበባ ብዙ ናቸው፤ በኮልፌ ቀራኒዮ ግን ይበረክታሉ። ክፍለ ከተማው የመዲናዋ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 429 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይኖርበት ነበር፤ ያኔ ከነበሩት 10 ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት የሚስተካከለው አልነበረም። የሠፈሮቹ ስሞች የአመጣጡን ታሪክ ይናገራሉ። አየር ጤና በንጹሕ አየሩ የተሞገሰ፣ አጠና ተራ የባሕር ዛፍ እንጨት የሚሸጥበት፣ ዓለም ባንክ ደግሞ እንደሚነገረው በዚያ ባንክ ገንዘብ ከተሠሩት ቤቶች ስሙን የወረሰ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱበት የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕም ኮልፌ ነበር። ያን ጊዜ አካባቢው ከከተማ ይልቅ ለገጠር የቀረበ ነበር። ዛሬ ወደ አምቦና ወደ ጅማ የሚወጡት መንገዶች ክፍለ ከተማውን በሁለት ወገን አቋርጠው ኦሮሚያ ይገባሉ፤ በአንዳንድ ቦታ የአንዱ አስተዳደር ሱቅና የሌላው አስተዳደር ሱቅ በር ለበር ይተያያሉ።

አዲስ አበባ ዛሬ የምትተዳደርበት ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ሥልጣንን በሦስት እርከን አደላድሏል፤ ከተማ፣ ክፍለ ከተማና ከሥር ያኔ ቀበሌ የተባለው፣ በኋላ ወረዳ የሆነው አስተዳደር። ቀበሌ የሚለው ቃል ከዚያም ይቀድማል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበራት ሲያደራጅ፣ የሠፈሩን ኑሮ ከመንግሥት ጋር የሚያያይዝ ክር አብሮ ዘርግቶ ነበር። ክሩ በየዘመኑ ሌላ ሥራ እየተጫነበት፣ አንዳንዴም ነዋሪው እየፈራው ኖሯል። ዛሬም ሰው «ወረዳ ሄጄ» ለማለት «ቀበሌ ሄጄ» ሲል ይሰማል።

አንድ ቅያስ እንዴት ኮብል እንደሚለብስ ያየ ሰው የሦስቱን እርከኖች ግንኙነት ከማንኛውም የቢሮ ሰሌዳ የበለጠ ይረዳል። ነገሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በእድር ነው። ለቅሶ ይደርሳል፤ አስከሬን የጫነ መኪና ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ይያዛል፤ ድንኳንና ወንበር በሸክም ይጓጓዛል። ሟች ከተቀበረ በኋላ ባለው ወርሃዊ ስብሰባ አንዱ ተነሥቶ «እኛ እስከ መቼ?» ይላል። ከዚያ ኮሚቴ ይመረጣል፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። የእድሩ ዳኛና የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ሰው ሆነው መገኘታቸው ብርቅ አይደለም፤ ሠፈር የሚያምነው ሰው ብዙ የለምና።

ቀጥሎ መዋጮ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን ይዞ እሑድ ጠዋት በር ያንኳኳል። ግቢው ሰፊ የሆነው ሰው እንደ ጠባቡ እኩል መክፈል ይፈልጋል፤ ጠባቡ ደግሞ በካሬው ይተመን ይላል። የግል ቤት ተከራይ «ነገ ለምወጣበት ቤት?» ይላል፤ አከራዩ «የምትረግጠው አንተ ነህ» ይለዋል። የቀበሌ ቤት ነዋሪም የራሱ ጥያቄ አለው። ጥግ ላይ ላሉት ባልቴት ማንም ሒሳብ አይጠይቅም፤ የእሳቸው ድርሻ ለሌላው ይከፋፈላል። ይህን ሁሉ የሚዳኝ የመንግሥት ሕግ የለም። ኮሚቴው በይሉኝታና በጭቅጭቅ ይወጣዋል።

የተሰበሰበው ገንዘብ በጋራ ፊርማ ባንክ ከገባ በኋላ ደብዳቤ ይጻፋል። ወረዳው ይሸኛል፤ የክፍለ ከተማው መሐንዲስ ሜትሩን ይዞ መጥቶ ርዝመትና ስፋት ይለካል፤ ዋጋ ይተመናል፤ የነዋሪው ድርሻ ይለይና ቀሪው ከመንግሥት በጀት ይጠበቃል። ንጣፉን የሚሠሩት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ሥራው በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በጂቲዜድ፣ እገዛ ሲስፋፋ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ድንጋዩ ከአገር ይገኛል፤ መጥረቡም ማንጠፉም የሰው እጅ ይፈልጋል፤ ለሬንጅ የሚወጣ የውጭ ምንዛሪ የለም። አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ጎን እንዲኖረው በመዶሻ የሚጠረበው ድንጋይ ለብዙ ሺህ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዝ ሆነ። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን ስለሚያነጥፍ ምሩቅ የሚወራው ቀልድና ምሬት የመጣውም በዚያው ዘመን ነው።

ክፍተቱ የሚፈጠረው ነዋሪው ከፍሎ በጨረሰበትና የመንግሥት ድርሻ በሚለቀቅበት ቀን መሃል ነው። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ ነው፤ አዲሱ በጀት ወርዶ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ማኅበር ተመርጦ ሥራ ሲጀመር የአሸዋ ዋጋ ሌላ ሆኗል። ኮሚቴው እንደገና በር ሊያንኳኳ ይገደዳል። ይህኛውን ዙር በትዕግሥት የሚቀበል ሠፈር ጥቂት ነው። ሲጠናቀቅ ደግሞ የውኃ ወይም የስልክ መስመር የሚቀብር ቡድን መጥቶ አዲሱን ንጣፍ ይነቅላል። ኮብል ከአስፋልት የሚሻልበት አንዱ ነገር ተነቅሎ መመለስ መቻሉ ነው፤ የሚመልሰው ግን ያነጠፈው ሰው ስላልሆነ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል።

ከንጣፉ ሌላ የእርከኖቹ ቅንጅት በግልጽ የታየበት ሥራ ሴፍቲኔት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮጀክት 450 ሚሊዮን ዶላር ተይዞለት ነበር፤ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከመንግሥት። ዕቅዱ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰው መድረስ ነበር፤ አብዛኛውን ተጠቃሚ የያዘችው አዲስ አበባ ናት። መሥራት የማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ መሥራት የሚችሉት ሠፈራቸውን ያጸዳሉ፣ ቦይ ይጠርጋሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር፤ ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ ይገባ፣ ከዚያ ላይም 20 በመቶው ይቆጠብ ነበር።

ጎህ ሲቀድ በቤቴል ወይም በወይራ ሠፈር ያለፈ ሰው የሴፍቲኔት ሠራተኞቹን ያውቃቸዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አዙረው፣ የሥራ ሰደርያቸውን ደርበው፣ ከቦዩ ያወጡትን ደለል በአካፋ ዳር ዳሩን ይከምራሉ። አብረው ይሠራሉ፤ አብረው ቡና ይጠጣሉ፤ ብዙዎቹ እቁብም አላቸው።

ተጠቃሚው የሚመረጥበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። በየወረዳው ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ማን ድኻ እንደሆነ ይለያል፤ ስሙ ወደ ላይ ይላካል፤ ከዚያ ስለ ቤተሰቡና ስለ ንብረቱ የተሞላው ቅጽ በኮምፒውተር ተሰልቶ ተጣርቶ ይመለሳል። ሠፈር የሚያውቀውን ማዕከል አያውቅም። የልጃቸው መታመም ያደኸያቸው እናት ቴሌቪዥን ስላላቸው ብቻ በቅጹ ላይ «ደህና» ሊመስሉ ይችላሉ። ማዕከል የሚያየውን ደግሞ ሠፈር ሊሸፍነው ይችላል፤ የኮሚቴው አባል የአክስት ልጅ ሁልጊዜ ከሌላው ድኻ ይበልጥ ድኻ ነው። ሁለቱ ሲተያዩ ስሕተቱ ባይጠፋም ይቀንሳል።

ገንዘቡ በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ወረዳ ስለማይበቃ ቅድሚያ የሚያገኙት በዕጣ ተለዩ፤ ከ90 ወረዳዎች 35ቱ ወጣላቸው። ዕጣው ለፍትሕ ሲባል የወጣ ቢሆንም ለተመራማሪዎች የማይገኝ ዕድል ሆነ። ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌሞ አምበር፣ ግሩም አበበና ካሮሊና መሂያ ማንቲያ ዕጣ የወጣላቸውን ወረዳዎች ካልወጣላቸው ጋር አስተያይተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው አሳተሙ። ፕሮግራሙ የደረሰባቸው ሠፈሮች ለኑሮ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። የሚያስገርመው ሌላው ግኝት ነው። ከኮልፌ ወደ መርካቶ ለቀን ሥራ ትወርድ የነበረች ሴት ሠፈሯ ውስጥ ሥራ ስታገኝ፣ መርካቶ ያለው ቀጣሪ ሰው ለማግኘት ዋጋ መጨመር ይኖርበታል። ተመራማሪዎቹ ፕሮግራሙ ሁሉንም ወረዳ ሲያዳርስ የግሉን ዘርፍ ክፍያ በ18.6 በመቶ እንደሚያሳድግ አሰሉ። ይህና የሠፈሩ መሻሻል አብረው ሲቆጠሩ ለድኾች የተገኘው ጥቅም በቀጥታ የተከፈላቸው ብቻ ሲታሰብ ከሚገኘው ስድስት እጥፍ ሆነ። ቦይ ጠራጊዋ ሳታውቀው ለማታውቃት የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አስጨምራላታለች ማለት ነው።

ቆሻሻን ማንሣትም የእርከኖቹ የጋራ ሥራ ነው፤ የቆሻሻው መንገድ ግን ረዥም ነው፤ ብዙ እጅም ይነካዋል። በር ለበር የሚሰበስቡት በማኅበር የተደራጁ የወረዳው ሰዎች ናቸው። ጆንያቸውን በጋሪ ገፍተው ገንዳው ጋ ያደርሳሉ፤ ገንዳውን የከተማው መኪና ያነሣዋል። ክፍያቸው ለዓመታት በሜትር ኪዩብ ሲሰላ ቆይቷል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚል፣ መልሱ የውኃ ቢሉ ላይ ነው። ረዥም ጊዜ በሠራው ስሌት መኖሪያ ቤት ከውኃ ሒሳቡ 20 በመቶ፣ የንግድ ቤት 42.5 በመቶ ለጽዳት ይጨምር ነበር። ብልኅ ዘዴ ነው፤ ለቆሻሻ አልከፍልም የሚል ሰው ለውኃ አልከፍልም አይልም። የውኃው መሥሪያ ቤት ይሰበስባል፣ የጽዳቱ ይከፍላል፣ ወረዳው ይቆጣጠራል፣ ማኅበሩ ይሸከማል። አንዱ ከዘገየ ገንዳው ሞልቶ ይፈስና ውሻና ዝንብ ይሰፍርበታል፤ ነዋሪው የሚወቅሰው ግን በዓይኑ የሚያየውን፣ ጋሪ የሚገፋውን ልጅ ነው።

መኪናው ጭነቱን ይዞ የሚሄደው ወደ ረጲ ነው። ሕዝቡ ቆሼ የሚለው ይህ ቦታ፣ ኮልፌ ቀራኒዮና ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚገናኙበት አካባቢ 36 ሄክታር ያህል ላይ የተዘረጋ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመዲናዋን ጥራጊ የተቀበለ ተራራ ነው። ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ከበበው፤ ድኾች ከሥሩ ጎጆ ቀለሱ፤ ከላዩ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ቤተሰብ አስተዳደሩ።

ቦታው እንደሞላ ሁሉም ያውቅ ነበር። ምትክ የተዘጋጀው በሰሜን ምሥራቅ፣ ሰንዳፋ አጠገብ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ በተሠራ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ነበር። ቆሻሻው የአዲስ አበባ፣ መሬቱ የኦሮሚያ። ማስወገጃው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው ተዘጋ። ሽታውና ፍሳሹ መጣብን፣ ከብቶቻችንም ታመሙብን አሉ። ክልሉና ከተማው ቅሬታውን አብረው የሚሰሙበት፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም አስቀድመው ለገበሬው የሚያስረዱበት ጠንካራ የጋራ መድረክ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። መኪናዎቹ ዞረው ወደ ቆሼ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሻሻው ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ጎጆዎቹ ከነነዋሪዎቻቸው ተቀበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ኤክስካቫተሮቹ ለቀናት ሲቆፍሩ፣ ከበው የቆሙት ቤተሰቦች የሚጠብቁት አስከሬን ነበር። የሁለት አስተዳደሮች አለመግባባት ሲወራ ከወረቀት የማይወርድ ይመስላል፤ ቆሼ ሥር ሞት ሆኖ ወረደ። ለአደጋው መንስዔው ይህ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ቆሻሻው ከተመለሰ ዓመት ሳይሞላው መድረሱን ግን ማንም አይረሳውም።

ከአደጋው በኋላ የመጣው ሥራ በፊት ቢመጣ የሚያሰኝ ነው። ጃፓን በሰጠችው ገንዘብ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም፣ ሀቢታት፣ ከከተማው ጋር ሆኖ የክምሩን ተዳፋት በፉኩኦካ ዘዴ ማረጋጋት ጀመረ። ዘዴው ተአምር የለውም። የተበሳሱ ቧንቧዎች ከሥር ተቀብረው ፍሳሹን ያስወጣሉ፣ አየር ያስገባሉ፤ አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የሚቀጣጠለው ጋዝም ይቀንሳል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈጠሩት የፉኩኦካ ከተማ አስተዳደርና እዚያው ያለው ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበው ጣቢያ ተመረቀ። ጭስ ማውጫው ከአየር ጤና በኩል ለሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታያል።

የድንበሩ ጉዳይ በሰንዳፋ አያበቃም። ኮልፌ ለዘመናት ከጠጣው ውኃ አንዱ ምንጭ ገፈርሳ ነው፤ በ1930ዎቹ የተሠራው ግድብ ያለው ከቡራዩ ወዲያ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ውኃው ከምዕራብ ይገባል፣ ቆሻሻው በከተማው ዳር ይከማቻል፣ ከሠፈሮቹ የወጣውን ፍሳሽ ትንሹ አቃቂ ወደ ደቡብ ይዞት ይወርዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለውን ልዩ ጥቅም ሲደነግግ ዝርዝሩን ለወደፊት ሕግ ትቶታል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተማውና ክልሉ ሲያወዛግብ በኖረው ወሰን ላይ መስማማታቸውን አስታወቁ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩና ሰበታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ። የኮልፌ ቀራኒዮ ጎረቤት ከእንግዲህ አንድ ትልቅ ከተማ ነው። ለወረዳ ባለሙያ ይህ ማለት የጋራ ቦይ ሲያስፈልግ ደብዳቤው የሚጻፍበት አድራሻ ተቀየረ ማለት ነው።

በአስተዳደሮች መሃል የሚፈጠረው ክፍተት የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ ሌክውድ የተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 ራሷን ችላ ስትቋቋም ፖሊስም፣ መንገድ ጠጋኝም፣ እሳት አጥፊም አልነበራትም። ሁሉንም ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ በውል ገዛች። ካውንቲው ይሠራል፣ ከተማዋ ትከፍላለች፣ የማን ሥራ የት እንደሚያልቅ ወረቀቱ ይናገራል። ብዙ የአካባቢው ከተሞች ተከተሏት። እዚህም የሚመስለው አልጠፋም። ጉለሌና ኮልፌ ቀራኒዮ ላይ የተንጣለለው 705 ሄክታር የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስምምነት ያቋቋሙት ነው። ለዛፍ የተጻፈው ዓይነት ውል ለቦይ ለምን አይጻፍም ብሎ የሚጠይቅ የሠፈር ኮሚቴ ቢኖር መልስ የሚያጣ አይመስልም፤ መልሱ «ከማዕከል እስኪመጣ ጠብቁ» ሊሆን ቢችልም።

አንዳንድ ሠፈር አይጠብቅም። መስከረም ጠብቶ መሬቱ ጠጠር ሲል፣ ኮሚቴው ከተረፈችው ሒሳብ ላይ አንድ መኪና ገረጋንቲ ያስመጣል። ወጣቶቹ እሑድ ከሰዓት አካፋ ይዘው ይወጣሉ፤ እናቶች ቡናና ቆሎ ያቀርባሉ፤ በመጨረሻው ኮብልና በአስፋልቱ መሃል ያለችው ጎድጓዳ ትሞላለች፣ በእግር ትጠቀጠቃለች። ፈቃድ የሰጠ የለም፣ የከለከለም የለም። ገረጋንቲው በጋውን ይዘልቃል፤ ሐምሌ ሲገባ ከቦዩ የሚመጣው ውኃ ጠርጎ አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል፤ የከተማው መንገድ ጠራጊዎች ጠዋት ይሰበስቡታል። ሊስትሮው ሣጥኑን አንሥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።